ተማሪው ሲመረምር ማን ያየዋል?

ባለፈው ሰሞን አንድ የቆየ ባልንጀራችን ከሚሠራበት የገጠር ሆስፒታል ለዕረፍት ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ነበርና አንድ ማታ ተገናኝተን ስንጫወት አመሸን። ከእኛ ጋራ በአንድ ግቢ የተማረ፣ እኛ ተመርቀን ሥራ ከያዝን በኋላም እሱ ገና መጽሐፉን ተሸክሞ ይመላለስ የነበረ ሐኪም ነው። ስለ ትምህርቱ ዘመን ስናነሣ እንደ ቀልድ አድርጎ አንድ ነገር አጫወተን። «በተማሪነቴ ብዙ መቶ ሰው መርምሬአለሁ፤ ስለ መረመርኋቸው ሰዎችም ስጠየቅ ኖሬአለሁ። ነገር ግን የአንድ በሽተኛ ሆድ ስመረምር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አጠገቤ ቆሞ ያየኝ መምህር አንድ እንኳ አላስታውስም» አለን። ሁላችንም ሳቅን። ኋላ ግን ወደ ቤታችን ስንመለስ ነገሩ የሚያሥቅ ሆኖ አላገኘነውም።

አካሄዱን በቅርብ ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት እናብራራ። የሕክምና ተማሪ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት በመማሪያ ክፍልና በቤተ ሙከራ አሳልፎ ወደ ሆስፒታል ከተዛወረ በኋላ ትምህርቱ በበሽተኛው አልጋ ዳር ይሆናል። በጧት ገብቶ የተመደበለትን በሽተኛ ያነጋግራል፤ ሕመሙ መቼ እንደ ጀመረው፣ እንዴት እንደ ከፋበት፣ ከዚህ ቀደም ምን ታሞ እንደ ነበረ ይጠይቃል፤ ከዚያም ይመረምርና ያገኘውን በወረቀት ያሰፍራል። ይህን ሁሉ የሚሠራው ብዙውን ጊዜ ብቻውን ነው። ረፋድ ላይ መምህሩ፣ ሬዚደንቶቹ፣ ኢንተርኖቹና ተማሪዎቹ ተሰብስበው «ራውንድ» የሚባለው ዙር ሲጀመር ተማሪው በአልጋው ግርጌ ቆሞ የጻፈውን ያቀርባል። መምህሩም «እንዲህ ያለ ሕመም ከምን ከምን ይመጣል?»፣ «መድኀኒቱ በቀን ስንት ጊዜ ይሰጣል?» እያለ ይጠይቀዋል። ተማሪው ከመለሰ እሰየው፤ ካልመለሰም ማታ አንብቦ ይመጣል።

እንግዲህ እዚህ ላይ ልብ ማለት ይገባል። መምህሩ የሰማው የምርመራውን ወሬ ነው እንጂ ምርመራውን አላየም። ተማሪው «ጉበቱ በእጅ አይዳሰስም» ሲል፣ ጉበቱ በእርግጥ ስላላበጠ ይሁን ወይስ ተማሪው እጁን ያለ ቦታው ስላሳረፈ ይሁን ከወረቀቱ ላይ አይነበብም። መምህሩ ራሱ በሽተኛውን ዳስሶ ውጤቱን ሊያርም ይችላል፤ ጥሩ መምህርም ይህን ያደርጋል። ይሁን እንጂ ያረመው መልሱን ነው፤ መልሱን ያሳሳተው እጅ ሳይታይ ወደሚቀጥለው አልጋ ተሻግሯል።

የሆድ ምርመራ ለተመልካች ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ሐኪሙ አስቀድሞ እጁን ማሞቅ አለበት፤ የቀዘቀዘ እጅ ያረፈበት ሆድ ወዲያው ይጠነክርና ከውስጡ ያለውን ሁሉ ይደብቃል። «እማማ፣ የት ጋ ነው የሚያምዎት?» ብሎ ከጠየቀ በኋላ ከሚያመው ቦታ ርቆ መጀመር ይገባዋል። ሲጫን ደግሞ ዐይኑ የበሽተኛዋን ፊት መጠበቅ አለበት፤ ሕመሙን አስቀድሞ የሚናገረው የፊታቸው መጨማደድ ነውና። ይህ ሁሉ በመጽሐፍ ተጽፏል፤ ተማሪውም በፈተና ላይ አሳምሮ ይጽፈዋል። ሲሠራ ግን እጁን እያየ ፊታቸውን ይረሳል። ይህን ደግሞ እሱ ራሱ አያውቀውም፤ ሊነግረው የሚችለው አጠገቡ የቆመ ሰው ብቻ ነው።

ከዚህም የቀለለው የደም ግፊት መለካት ነው። መጠቅለያው በሹራብ እጅጌ ላይ ከታሰረ፣ ለወፍራም ክንድ ጠባቡ መጠቅለያ ከተመረጠ፣ ወይም ክንዱ ከልብ ትይዩ ዝቅ ብሎ ከተንጠለጠለ ቁጥሩ ከእውነተኛው ይለያል፤ በጠባብ መጠቅለያና በተንጠለጠለ ክንድ ደግሞ ከፍ ብሎ ነው የሚነበበው። ቁጥሩ ተጽፎ ከቀረበ በኋላ ግን እንዴት እንደ ተገኘ የሚጠይቅ የለም። በዚያ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ ለአንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የሚውጠው ክኒን ሊታዘዝለት ይችላል።

በዚህ ረገድ የአገራችን የቀድሞ ትምህርት ቤት የሚታማ አይደለም። ፊደል ቈጣሪው ሕፃን በስንደዶ እየነካ ሲያነብ የኔታ ከጐኑ ተቀምጠው ይሰማሉ፤ ዐይናቸው ቢደክም እንኳ ጆሮአቸው አይስትም። የቅኔ ተማሪም የቆጠረውን ለመምህሩ ሲነግር፣ ቃሉ የተሳሳተ እንደ ሆነ እዚያው ያርሙለታል፤ ምሥጢሩ ያልገጠመ እንደ ሆነም ይመልሱበታል። ተማሪው ቅኔ ስለ መቍጠሩ ሪፖርት አያቀርብም፤ ቅኔውን ራሱን ያሰማል እንጂ። ይህን ስንል አለንጋውንም አብረን መመኘታችን እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልናል።

ጥያቄው ለአገራችን ብቻ የተነሣ አይደለም። ካናዳዊው ሐኪም ዊልያም ኦስለር በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ፣ የሕክምና ትምህርት ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1893 ከተከፈተ በኋላ፣ ተማሪዎችን ከአዳራሹ አውጥቶ ወደ በሽተኞች ክፍል በማስገባቱ እስከ ዛሬ ይመሰገናል። አብርሃም ፍሌክስነርም በአሜሪካና በካናዳ የሚገኙ 155 የሕክምና ትምህርት ቤቶችን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1910 ባወጣው ሪፖርት፣ ተማሪው በሽተኛ ሳያይ የሚመረቅባቸውን ትምህርት ቤቶች አጋልጦ አያሌዎቹ እንዲዘጉ ምክንያት ሆኗል። እነዚህ ሰዎች ተማሪውን ወደ አልጋው አቀረቡት። ነገር ግን ወደ አልጋው ማቅረብ አንድ ነገር ነው፤ እዚያ ቆሞ ሲሠራ ማየት ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይበልጥ ብዙ ዘመን ፈጅቷል።

ለፈተናው ያህል አንድ ትልቅ እርምጃ የተወሰደው በስኮትላንድ ነው። በዳንዲ ዩኒቨርሲቲ ሮናልድ ሃርደንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት ጽሑፍ ተማሪዎች ከጣቢያ ወደ ጣቢያ እየተዘዋወሩ የሚፈተኑበትን ዘዴ አስተዋወቁ። በአንዱ ጣቢያ ታሪክ ይጠይቃል፣ በሌላው ደረት ያዳምጣል፤ ፈታኙም አስቀድሞ የተዘጋጀ ዝርዝር ይዞ እያየ ምልክት ያደርጋል። ከዚያ በፊት ተማሪው አንድ ከባድ ወይም አንድ ቀላል በሽተኛ እንደ ዕድሉ ይደርሰው ነበር፤ ፈታኙም ቸር ወይም ጨካኝ ይሆን ነበር። ዘዴው ዛሬ «ኦስኪ» በሚል ስሙ በብዙ አገር፣ በእኛም ትምህርት ቤቶች ይታወቃል። የሆነ ሆኖ ፈተና ፈተና ነው። ተማሪው ለዓመታት ሲሳሳት ኖሮ ስሕተቱን በመጨረሻው ቀን ከውጤት ወረቀት ላይ ቢያገኘው ምን ይጠቅመዋል?

እ.ኤ.አ. በ1990 ጆርጅ ሚለር የተባለው አሜሪካዊ የሐኪምን ችሎታ በአራት ደረጃ ከፍሎ አስቀመጠው። ከታች ማወቅ አለ፤ ከዚያ በላይ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ፤ ሦስተኛው ሠርቶ ማሳየት ነው፤ ጫፉ ላይ ያለው ግን በዕለት ተዕለት ሥራ ላይ በእርግጥ መሥራት ነው። የጽሑፍ ፈተና ከታችኞቹ አያልፍም፤ ኦስኪም ሦስተኛው ላይ ይቆማል። ወደ ጫፉ ለመውጣት መምህሩ ወደ ሥራው ቦታ ራሱ መሄድ አለበት።

ይህን ለማድረግ ከተፈለሰፉት ዘዴዎች በጣም የወደድነው የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሕክምና ቦርድ ያስፋፋውን፣ ጆን ኖርሲኒና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1995 ያቀረቡትን ነው። ከዚያ በፊት ሁለት ሰዓት ያህል የሚፈጅ፣ በአንድ በሽተኛ ላይ ብቻ የሚደረግ የታየ ምርመራ ነበር። መምህሩ ሁለት ሰዓት ከየት ያምጣ? ደግሞስ በአንድ በሽተኛ ላይ የተሳካለት ሐኪም በሌላው ላይ እንደሚሳካለት ማን ያውቃል? አዲሱ ዘዴ ሁለት ሰዓቱን ሰባብሮ፣ በተለመደው የሥራ ቦታ በልዩ ልዩ ቀን፣ በልዩ ልዩ መምህር፣ በልዩ ልዩ በሽተኛ ላይ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ እንዲታይና ወዲያው እዚያው እንዲነገረው አደረገ። ወረቀቱ አንድ ገጽ ብቻ ነው፤ ነጥቡም ከ1 እስከ 9 ይሰጣል። እኛን ያስደሰተን ግን ነጥቡ አይደለም፤ መምህሩ መጥቶ እንዲቆም የሚያስገድድ መሆኑ ነው።

የማየትን ጥቅም ለሚጠራጠር ሰው አንድ ጥናት እናስታውሰው። ቤክማንና ፍራንክል የተባሉት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጡት ጽሑፍ፣ የሐኪምና የበሽተኛ ንግግር የተቀዳባቸውን 74 ቀጠሮዎች መርምረው ነበር። በሽተኛው የመጣበትን ጉዳይ ተናግሮ እንዲጨርስ የተተወው በ17ቱ ብቻ ነው። ንግግሩ ከተቋረጠባቸው መካከል ሐኪሙ ጣልቃ የገባው በአማካይ በ18ኛው ሴኮንድ ነበር። ይህ በየትኛውም የበሽተኛ መዝገብ ላይ አይጻፍም። «አላስጨረስኩትም» ብሎ በራውንድ ላይ የሚያቀርብ ተማሪም አይኖርም።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ማየት ነው። ካዩ በኋላ መናገር ግን ራሱን የቻለ ሌላ ጣጣ አለው፤ እንዲያውም ዋናው ችግር እዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ዛሬ በየቢሮው «ግብረ መልስ» የሚባል ቃል ተለምዷል። በየስብሰባው መጨረሻ ስለሚነሣ ትርጕሙ ሟሙቷል፤ አንዳንዱ ምስጋና ማለት ይመስለዋል፣ አንዳንዱም ወቀሳ። ጃክ ኤንዲ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1983 በጻፈውና እስከ ዛሬ በሚጠቀስ ጽሑፉ ጉዳዩን አጥርቶታል። በእርሱ አነጋገር ፍርድ ሌላ ነው፣ እርማት ሌላ ነው። ፍርድ ሥራው ካለቀ በኋላ «አለፈ፣ ወደቀ» ይላል፤ እርማት ግን ሥራው ገና በመካሄድ ላይ ሳለ፣ በታየው ነገር ላይ ብቻ ተወስኖ፣ ሰውየውን ሳይነካ ድርጊቱን ይነግራል። ኤንዲ ሌላም ያስተዋለው ነገር አለ። መምህሩ ተማሪውን እንዳያሳዝን ይፈራል፤ ተማሪውም ክፉ እንዳይሰማ ይፈራል፤ ሁለቱም ሲፈሩ መነገር የሚገባው ቃል በመካከላቸው ጠፍቶ ይቀራል።

ይህን ስናነብ እኛ ቃሉን ከአሜሪካዊው ቀድመን የምናውቀው መሰለን፤ ይሉኝታ ይባላል። አንድ መምህር የተማሪውን ጕድለት አይቶ «ደግ ልጅ ነው፣ በሥራ ላይ ይማረዋል» ብሎ ያልፈዋል። በሥራ ላይ የሚማረው በማን ሆድ እንደ ሆነ ግን አያስበውም። ሌላው መምህር ደግሞ ይሉኝታን የሚሸሸው በሌላው ጫፍ ነው። በራውንድ መካከል፣ በጓደኞቹና በበሽተኛው ፊት ተማሪውን እስኪያልበው ድረስ ያዋርደዋል፤ «የሚወድህ ያስለቅስሃል» የሚለውን ተረትም ምስክር ይጠራል። ተረቱ እውነት ይኖረዋል፤ ያስለቀሰ ሁሉ ወዳጅ ነው ግን አይልም።

ይህም የስሜት ነገር ብቻ አይደለም። ክሉገርና ዴኒሲ እ.ኤ.አ. በ1996 ስለ እርማት የተደረጉ ብዙ ጥናቶችን አሰባስበው ሲመረምሩ፣ እርማት በአማካይ ሥራን ቢያሻሽልም ከሦስት አንድ እጅ በሚበልጠው ጊዜ ሥራውን ያባሰው ሆኖ አግኝተውታል። ምክንያቱን ሲያስረዱም፣ የተነገረው ቃል የሰሚውን ሐሳብ ከሥራው አንሥቶ ወደ ራሱ ማንነት በመለሰው መጠን ጥቅሙ ይቀንሳል ይላሉ። «እጅህን ከታች ጀምረህ ወደ ላይ አምጣው፤ በሽተኛው ትንፋሹን ሲስብ ጠብቅ» የተባለ ተማሪ ነገ እጁን ከታች ይጀምራል። «አንተ ሐኪም ትሆናለህ?» የተባለው ግን ነገ በሽተኛውን ሳይሆን መምህሩን ሲጠብቅ ይውላል፤ ያላገኘውንም «አገኘሁ» ማለት ይለምዳል። በሕክምና ሥራ ከዚህ የከፋ ልማድ ምን አለ?

(ለመሆኑ ይህ የሐኪሞች ችግር ብቻ ነውን? በመሥሪያ ቤት ያለን ወጣቶች ያረቀቅነው ደብዳቤ በጠርዙ ላይ «ይስተካከል» የሚል ቃልና ፊርማ ብቻ ይዞ የሚመለስበትን ቀን እናውቀዋለን። ምኑ እንደሚስተካከል ጠይቆ የተረዳ ባልደረባ ካለ ዕድለኛ ነው።)

መምህሩም ቢሆን ማየትን መማር አለበት። እ.ኤ.አ. በ1992 በአሜሪካ በታተመ ጥናት፣ 203 የውስጥ ደዌ መምህራን ሆን ተብሎ ስሕተትና መልካም ሥራ የተጨመረበትን የአንድ ተለማማጅ ሐኪም የምርመራ ፊልም እንዲያዩ ተደርጎ ነበር። ባዶ ወረቀት የተሰጣቸው ከነጥቦቹ አንድ ሦስተኛውን ያህል ብቻ አስተዋሉ፤ ምን እንደሚያዩ የተዘረዘረበት ወረቀት የተሰጣቸው ደግሞ ሁለት ሦስተኛውን ያህል አገኙ። ያንኑ ፊልም፣ ያንኑ ሐኪም እያዩ ማለት ነው። ስለዚህ መምህሩን «ሂድና ቆመህ እይ» ማለት ብቻውን አይበቃም።

ሁሉን ነገር ለአንድ ቀን ፈተና መተውም እንደማያዋጣ በቅርቡ በአሜሪካ ታይቷል። ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚያ ሐኪም ለመሆን የሚፈልግ ሁሉ፣ ከአገራችን ተመርቀው ለስፔሻሊቲ ትምህርት የሚሄዱትም ጭምር፣ በሽተኛ መስለው በሚቀርቡ የሠለጠኑ ሰዎች ላይ እየመረመረ ይፈተን ነበር። ፈተናው የሚሰጠው በአምስት ከተሞች ብቻ ሲሆን ክፍያውም በመጨረሻ ከ1,200 ዶላር በላይ ደርሶ ነበር። በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት በ2020 ተቋረጠ፤ በጥር 2021 እ.ኤ.አ. ጭራሹን እንዲቀር ተወሰነ። አንዳንዶች የማይረባ ወጪ ቀረልን ሲሉ፣ ሌሎች ደግሞ ትምህርት ቤቶች ተማሪን የማየት ግዴታ እንዲሰማቸው ያደርግ የነበረ አንድ ማስፈራሪያ ጠፋ ብለው አዘኑ። እኛ ሁለቱም ልክ ናቸው እንላለን፤ ሸክሙ ከመጀመሪያውም መሆን ወደ ነበረበት፣ ወደ አልጋው ዳር ተመልሷል።

ወደ አገራችን ስንመለስ ነገሩ የበለጠ ይከብዳል። የጐንደሩ የጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954፣ የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ ደግሞ በ1964 ሲቋቋሙ ተማሪዎቹ ጥቂት ስለ ነበሩ መምህር ተማሪውን በስሙ ብቻ ሳይሆን በእጁም ሊያውቀው ይችል ነበር። ከዚያ ወዲህ የሐኪም እጥረት እየበረታ ስለ ሄደ ትምህርት ቤቶቹ እንዲበዙ ተደረገ፤ በ2004 ዓ.ም. ብቻ 13 አዳዲስ የሕክምና ማሠልጠኛዎች ሥራ ጀመሩ። ይህ መደረጉን የምንቃወም አይደለንም፤ ሐኪም አይቶ ለማያውቅ ወረዳ የተማሪ መብዛት የምሥራች ነው። ነገር ግን ተማሪው በዛ እንጂ የመምህሩ ዐይን ሁለት ነው። በአንድ አልጋ ዙሪያ ሃያ ተማሪ ቢቆም ከኋላ ያለው የሚያየው የጓደኛውን ጀርባ ነው። በሽተኛውም ቢሆን፣ ያውም ሕመሙ ሳያንሰው፣ በየተራ ሲዳሰስ ይውላል።

መምህራኑ «ጊዜ የለንም» ሲሉ ውሸት አይደለም። ተመላላሽ በሽተኛ በር ላይ ተሰልፏል፤ የቀዶ ሕክምናው ክፍል ይጠብቃል፤ ደመወዙ አልበቃ ያለው ደግሞ ማታ ወደ ግል ክሊኒክ ይሮጣል። ይሁን እንጂ ጊዜ የሚገኘው ለሚቈጠር ሥራ ነው። በዕቅድና በበጀት ላይ የምንሠራ ወጣቶች የምንቈጥረውን እናውቃለን፤ ስንት አልጋ፣ ስንት ሕንጻ፣ ስንት ተመራቂ እንላለን። ንግግር ላደረገ መምህር የንግግሩ ሰዓት ይመዘገብለታል፤ አሥር ደቂቃ ቆሞ የአንድ ተማሪን እጅ ላረመ መምህር የሚመዘገብለት ነገር የለም። ይህ ሰንጠረዥ እስካልተለወጠ ድረስ መምህሩን መውቀስ ተገቢ አይመስለንም።

ምርመራውን በሙሉ ማየት የማይቻል ከሆነም ቁራጩን ማየት ይቻላል፤ ዛሬ የመጀመሪያውን ሁለት ደቂቃ ንግግር፣ ነገ የአንገቱን ዳሰሳ። የሚያየውም የግድ ፕሮፌሰሩ መሆን የለበትም። ሬዚደንቱ አለ፤ በክፍሉ ሃያ ዓመት የኖሩ ነርሶች አሉ። እነሱ ሁሉን ያያሉ፤ ብዙ ጊዜ ግን እንዲናገሩ የጠየቃቸው የለም።

ይህን ያስታወሰን ያው ባልንጀራችን ነው። በተማሪነቱ ካገኛቸው እርማቶች አንዱን ብቻ አልረሳውም፤ እሱንም ያገኘው ከመምህር አይደለም። በማዋለጃ ክፍል የፅንሱን የልብ ትርታ በቀንድ መሰሏ ማዳመጫ ሊሰማ ብዙ ቢደክም አልተሰማውም። ከኋላው ሌሎች ይጠብቁ ስለ ነበር ኀፍረት ይዞት «140» ብሎ ሊጽፍ ብዕሩን አነሣ። አንዲት በዕድሜ የገፉ አዋላጅ ነርስ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የልጁ ጀርባ በየት በኩል ነው?» አሉት። አላገኘውም ነበር። እጁን ይዘው በእናቲቱ ሆድ ላይ በግራ በኩል አሳረፉት፤ ረዘም ያለ ጠንካራ ነገር ተሰማው። «ልቡ የሚሰማው በዚህ በኩል ነው፤ አሁን ይቍጠሩ፣ ሰዓቱን እኔ እይዛለሁ» አሉት። አንድ ደቂቃ ሙሉ ቈጠረ፤ 128 ሆነ።

ዛሬ እሱ በሚሠራበት ሆስፒታል የሚመደቡትን ተለማማጆች ማክሰኞና ዐርብ ጧት እየጠራ ለእያንዳንዳቸው አሥር አሥር ደቂቃ አጠገባቸው ቆሞ ሲመረምሩ ያያል፤ ከዚያም ወደ ኮሪደሩ አውጥቶ አንድ ነገር ብቻ ይነግራቸዋል። ለምን እነዚያን ቀኖች እንደ መረጠ ብንጠይቀው፣ ገበያ የማይውልባቸው ቀኖች ስለ ሆኑ በሽተኛው ጥቂት ይቀንሳል አለን።